ደጃችሁ ላይ ያለው ዛፍ የማን ነው? ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዛፍ ለመትከል፣ ለመመልመልና ለመቁረጥ

ፔትዎርዝ አካባቢ ቤት የገዛ አንድ ወዳጄ ገና ዕቃውን ሳይፈታ ደወለልኝ። ወሩ ኦክቶበር ነበር። «ደጄ ላይ ያለው ዛፍ የገለማ ቅቤ ይሸታል። ፍሬው መሬት ላይ ፈርጦ ጫማ ላይ እየተጣበቀ ምንጣፉን ሁሉ አሸተተው። መጋዝ አለህ?» አለኝ።

መጋዝ አለኝ። ይዤለት ግን አልሄድኩም።

«ዛፉ እኮ ያንተ አይደለም» ስለው ሳቀብኝ። «የቤቱን ግብር የምከፍለው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ግብሩን የሚከፍለው እሱ ነው፤ ዛፉ ግን የከተማው ነው። እኛ ባደግንበት ሰፈር ደጃፉ ላይ ችግኝ የተከለ ሰው ያጥረዋል፣ ያጠጣዋል፣ ሲያስቸግረውም እሱው ይቆርጠዋል። ጎረቤት ቢያጉረመርም «ምን ይደረግ፣ የተከለው እሱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ በዚያ ልማድ መጋዝ ያነሳ ሰው በኢንች ተለክቶ ይቀጣል። በኢንች ስል ቀልዴን አይደለም፤ ወረድ ብለን በቁጥር እናየዋለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ የማን እንደሆነ ለዩ

በእግረኛው መንገድና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል ያለችው የአፈር ቦታ «ትሪ ቦክስ» ትባላለች። እዚያ ውስጥ የቆመ ዛፍ የከተማው ነው። የሚያስተዳድረው የዲሲ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት (ዲዶት) ውስጥ ያለው ኧርባን ፎረስትሪ ዲቪዥን ነው። እሱ ይተክላል፣ እሱ ይመለምላል፣ እሱ ይቆርጣል። ለነዋሪው በነጻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ትሪ ቦክሱ ላይ አይደለም። ከእግረኛው መንገድ ወደ ቤቱ በኩል ባለው የፊት ግቢ ነው። በተለይ ተያይዘው በተሠሩት የድሮ ቤቶች ፊት ያለው ግቢ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ መሬት ነው። ነገሩ እስከ 1870 ይመለሳል። ያኔ ኮንግረስ የዲሲ መንገዶች ከሚገባው በላይ ሰፊ ሆነው ስላገኛቸው፣ ከመንገዱ ዳርና ዳር ያለው መሬት በሕዝብ ባለቤትነት እንደቆየ አትክልት እንዲሆን ፈቀደ። ስለዚህ አጥር ስላለው፣ ሣሩንም እናንተ ስለምታጭዱት ብቻ «የኔ ነው» አትበሉ። ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁን የቦታ ፕላን አውጡና የይዞታው መስመር የት ላይ እንደሚያልፍ እዩ። በብዙ ቤቶች መስመሩ የሚያልፈው በግድግዳው ላይ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። መንገዶች ሰያፍ የሚገናኙባቸው ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን መናፈሻዎች፣ ሮክ ክሪክ፣ ሜሪዲያን ሂል፣ ታይዳል ቤዚን ዳር ያሉት የቼሪ ዛፎች፣ እነዚህ በአብዛኛው የፌዴራሉ የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ናቸው። በአበባው ሰሞን ለፎቶ ብላችሁ ቅርንጫፍ እንዳትጎትቱ። ማርች ላይ በነጠላ አምራ ሄዳ ቅርንጫፍ የምትጎትት ሙሽራ አይቻለሁ። ፎቶው ያምራል፣ ነገሩ ግን ያስቀጣል።

የቀረው የጓሮው ዛፍ ነው። እሱ የእናንተ ነው። ግንዱ አጥሩ መስመር ላይ ካረፈ ደግሞ የእናንተና የጎረቤታችሁ ነው፤ ሁለታችሁም ሳትስማሙ አይነካም።

2. 311 ደውሉ፤ «አማርኛ» በሉ

የመንገድ ዛፍ ነገር ሁሉ የሚጀምረው በከተማው የአገልግሎት መስመር፣ በ311 ነው። ስልክም፣ ድረ ገጽም፣ የስልክ መተግበሪያም አለው። ዛፍ ይተከልልኝ፣ ቅርንጫፍ ይመልመልልኝ፣ የታመመ ዛፍ ይታይልኝ፣ ጉቶው ይነሳልኝ፣ ሁሉም በዚያው ይስተናገዳል። ተከራይ ብትሆኑም መጠየቅ ትችላላችሁ።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው እናት ወይም አባት ቤት ካሉ አታሳፍሯቸው፣ ራሳቸው ይደውሉ። ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥቷል፤ መሥሪያ ቤቶቹ በስፋት ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «አማሪክ ፕሊስ» ብሎ መጠበቅ በቂ ነው። አስተርጓሚው መስመር ላይ ይገባል።

ስትጨርሱ የጥያቄ ቁጥር ይሰጧችኋል። ጻፉት። ሁለት ወር ቆይታችሁ «ደውዬ ነበር» ብትሉ የሚሰማ የለም፤ ቁጥሩን ስትጠሩ ግን ፋይሉ ወዲያው ይከፈታል። እኔ አንድ ጊዜ ቁጥሩን ጥዬ ሁሉን ነገር ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ፎቶም አያይዙ፦ ሙሉ ዛፉን፣ ችግሩ ያለበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ፣ የቤቱን ቁጥር ደግሞ እንዲታይ አድርጋችሁ።

3. ትሪ ቦክሱ ባዶ ከሆነ

ችግኝ ገዝታችሁ ራሳችሁ አትትከሉ። 311 ላይ ጠይቁ። ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል፦ ስፋቱን፣ ከላይ የመብራት ሽቦ መኖሩን፣ ከውኃ መስመር፣ ከመብራት ምሰሶ፣ ከእሳት አደጋ ቧንቧና ከመታጠፊያ ያለውን ርቀት። የዛፉን ዓይነት የሚመርጠውም እሱ ነው። ሽቦ ካለ አጭር ዛፍ ይመጣል። ሰፊ ቦታ ከሆነ ኦክ ወይም ኤልም ሊደርሳችሁ ይችላል። ምርጫችሁን መናገር ትችላላችሁ፤ ካልሆነ ግን አትከፉ።

የተከላው ወቅት ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ነው። ሜይ ላይ የጠየቀ ሰው በጋውን ሙሉ ይጠብቃል። በአገራችን ክረምት ሲገባ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ መትከል ስለለመድን ይህ ይገርማል። እዚህ ግን ጁላይ ሙቀቱ ሥር ሳያወጣ ይገድለዋል፤ ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ሲያንቀላፋ ነው የሚተከለው።

ከተማው ይህን ሥራ ዛሬ አልጀመረውም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አሌክሳንደር ሼፐርድ የሕዝብ ሥራዎችን ሲመራ 60,000 ያህል ዛፎች በየመንገዱ ተተከሉ። «የዛፎች ከተማ» የሚለው ስም ሥሩ እዚያ ነው። አሁን ያለው ዕቅድ ደግሞ በ2032 ከከተማው 40 በመቶው በዛፍ ጥላ እንዲሸፈን ነው።

4. ማጠጣት (ሁሉም የሚዘለው ደረጃ)

ከተማው ይተክላል እንጂ በየሳምንቱ መጥቶ አያጠጣላችሁም ብላችሁ አስቡ። አዲስ ዛፍ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በሙቀቱ ወራት በሳምንት 25 ጋሎን ውኃ ይፈልጋል። በአምስት ጋሎን የቀለም ባልዲ አምስት ጊዜ ማለት ነው። ሁለት ኢንች ዝናብ ዘነበ ብላችሁ ወሩን ሙሉ እንዳትረሱት።

አጠጣጡም ቁም ነገር አለው። በጎማ ደፍቶ መሄድ ውኃውን ወደ አስፋልቱ መላክ ነው። ቀስ ብሎ መግባት አለበት። አንድ የድሮ ባልዲ ታችኛው ጥግ ላይ በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ብሱና ዛፉ ሥር አስቀምጡት፣ ሞልታችሁ ሂዱ። ወይም «ካኖፒ ኪፐር» ለሚባለው የከተማው ፕሮግራም ተመዝገቡ። ዛፉን ለማጠጣት ቃል ትገባላችሁ፤ እነሱ ውኃውን ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ዕቃ በነጻ ይሰጧችኋል። ልጆች ካሏችሁ ለእነሱ ስጧቸው፤ ባልዲ መሙላት ይወዳሉ።

ስለ ትሪ ቦክሱ አያያዝ ጥቂት ነገር፦ አፈር ከምራችሁ አታሳድጉት፤ ሥሩ ይታፈናል። ጡብ፣ ጎማ፣ የተጣለ ፍራሽ አታስቀምጡበት። ብስክሌት ግንዱ ላይ በሰንሰለት አትሰሩ። ጃንዋሪ ላይ ጨው የበዛበትን በረዶ ጠርጋችሁ እዚያ አትከምሩ፤ ጨው ሥር ያቃጥላል። ዝቅ ያለ አበባ መትከል ይቻላል፣ ቁፋሮው ጥልቅ እስካልሆነ። ጤና አዳምና በሶብላ የተከሉ አንዲት እናት አውቃለሁ። ሽታው መንገዱን ሁሉ ያውዳል። ነገር ግን ትሪ ቦክስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚጎበኘው ቦታ ነው፣ የድሮ ከተማ አፈርም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ጤና አዳሙ ለማሽተት ይሁን፣ ቡና ውስጥ አይግባ።

5. በራሳችሁ ግቢ ስትተክሉ

እዚህ መብቱ የእናንተ ነው፤ ጥፋቱም የእናንተ ነው። ከመቆፈር በፊት 811 ደውሉ። ጥቂት የሥራ ቀናት ይፈጃል እንጂ በነጻ መጥተው የጋዝ፣ የመብራትና የውኃ መስመሩ የት እንደሚያልፍ መሬቱ ላይ በቀለም ያሰምሩላችኋል። የጋዝ ቱቦ በአካፋ የመታ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ከቤት ያስወጣል።

ጉድጓዱን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አታድርጉት። ስፋቱ ከሥሩ ክብ (ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር) ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ልክ እንደ ሥሩ ክብ ቁመት። ግንዱ ወደ መሬት ሲቃረብ የሚሰፋበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ግንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ በጣም ጠልቋል።

በፕላስቲክ ማሰሮ የመጣ ከሆነ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። አትዘኑለት፤ ጎን ጎኑን በቢላ ቁረጡት፣ ፍቱት። እንደተጠመጠመ ከተተከለ ከዓመታት በኋላ ራሱን አንቆ ይሞታል። በጆንያና በሽቦ የመጣ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ቢያንስ የላይኛውን ጆንያና ሽቦ ቆርጣችሁ አውጡ። ያወጣችሁትን አፈር ያንኑ መልሱ፣ ውኃ እያጠጣችሁ።

ከላዩ መልች (የተፈጨ እንጨትና ቅርፊት) አልብሱት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ኢንች። ግንዱን ግን አይንካ። የዲሲ ሰው መልቹን እንደ ተራራ ግንዱ ላይ ይከምረዋል። እኔም የመጀመሪያዋን ሜፕሌን እንዲሁ አድርጌ ልጧን አበሰበስኩባት። ከላይ ስታዩት ዙሪያው ከፍ፣ መሃሉ ባዶ ሆኖ ዶናት ይምሰል።

6. መመልመል

የመንገዱ ዛፍ ከሆነ፣ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ብትሆንም 311 ነው። በራሳችሁ ወጪ ማስመልመል ከፈለጋችሁም በቅድሚያ ከከተማው ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ላይ ከተኛ ጉዳዩ የመብራት ኩባንያው የፔፕኮ ነው። ከሽቦ 10 ጫማ ርቀት ውስጥ መሰላል አታቁሙ፤ ሽቦውን ባትነኩትም ኤሌክትሪኩን ለማስተላለፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ይበቃል።

ለጓሮው ዛፍ ግን መጋዙን አውጡ። ጊዜው ክረምት ነው፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ። ቅጠል ስለሌለ አጥንቱ ይታያል፣ በሽታ የሚያዛምቱት ነፍሳትም ተኝተዋል። ኦክ በተለይ በሙቀት ወራት ባይነካ ይሻላል። እንደ ቼሪና ዶግዉድ በጸደይ የሚያብቡትን ክረምት ላይ ብትመለምሉ የዓመቱን አበባ አብራችሁ ትጥላላችሁ፤ እነሱ አበባቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ሲወድቅ ልጡን እስከ ግንዱ ልጦ ይወርዳልና። ሦስት ጊዜ ነው የሚቆረጠው። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ጫማ ያህል ርቃችሁ ከሥር ወደ ላይ እስከ ሲሶው ብቻ ቁረጡ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ራቅ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል። የቀረውን ጉማጅ ደግሞ አንገቱ ላይ ቁረጡት። አንገቱ ማለት ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ያበጠው ቦታ ነው። አንገቱን አትንኩ፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእሱ ነው። ቀለም ወይም ሬንጅ አትቀቡት፣ አይጠቅመውም። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አታንሱ።

አናቱን መክላት የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። ዛፉ «ረዘመ» ተብሎ ከላይ በጠፍጣፋው ይከላል። አገር ቤት ባህር ዛፍ ተገንድሶ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ለዚያ ነው ዓይናችን የለመደው። ኦክ ግን ባህር ዛፍ አይደለም። የተቆረጠው ቦታ ይበሰብሳል፣ የሚያቆጠቁጠውም ደካማ ሆኖ በነፋስ ይገነጠላል። ትልቅ ዛፍ ከሆነ ደግሞ አናቱን መክላት ራሱ በዲሲ ሕግ ከመቁረጥ እኩል የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥም እንዲሁ።

7. መቁረጥ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ

የመንገድ ዛፍ በፍጹም አይነካም። ደርቋል ብላችሁ ካመናችሁ ባለሙያው መጥቶ ይይ። ከቆረጡት ጉቶው ወዲያው ላይነሳ ይችላል፤ ምትኩ ደግሞ በሚቀጥለው የተከላ ወቅት ነው።

የራሳችሁ ከሆነ የግንዱን ዙሪያ ለኩ። የሚለካው ከመሬት 4.5 ጫማ ላይ ነው፣ ደረት አካባቢ። ውፍረቱን ሳይሆን ዙሪያውን። ከዚያ ሕጉ በሦስት ይከፍላችኋል።

ከ44 ኢንች በታች ከሆነ በአጠቃላይ የዛፍ ፈቃድ አያስፈልግም።

ከ44 እስከ 99.9 ኢንች «ልዩ ዛፍ» ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል። የ2002ቱ የከተማ ደን ሕግ በ2016 ሲሻሻል ክፍያው ለእያንዳንዱ ኢንች 55 ዶላር ሆነ። 50 ኢንች ዛፍ 2,750 ዶላር ማለት ነው፣ የቆራጩን ዋጋ ሳይጨምር። ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን ተመን ጠይቁ። በገንዘቡ ፋንታ ዙሪያቸው ተደምሮ የተቆረጠውን የሚያህል ችግኞች መትከልም ይቻላል።

100 ኢንችና ከዚያ በላይ «ቅርስ ዛፍ» ነው። አደገኛ መሆኑን የከተማው ባለሙያ ካላረጋገጠ በገንዘብም አይቆረጥም። ኮንትራክተር «እኔ እጨርስልሃለሁ» ካላችሁ አትስሙት።

ያለ ፈቃድ ከተቆረጠ ቅጣቱ በኢንች ቢያንስ 300 ዶላር ነው። 60 ኢንች ዛፍ 18,000 ዶላር! ሂሳቡን ለወዳጄ በስልክ ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ።

ሁለት ነገሮች ያቀሉላችኋል። ዛፉ አደገኛ ከሆነ ፈቃዱን ያለ ክፍያ ታገኛላችሁ። ከዓይነቱም አይላንተስ፣ መልበሪና ኖርዌይ ሜፕል ከሆነ ክፍያ የለበትም፤ እነዚህ ወራሪ ናቸውና። ግን ሁለቱም ላይ ፈቃዱ ቀድሞ ይወጣል። ቆርጦ «አደገኛ ነበር» ማለት አይሠራም፤ የሚታይ ዛፍ የለማ።

8. ቆራጭ ስትቀጥሩ

ከማዕበል ማግስት ፒክአፕ የያዙ ሰዎች በር ያንኳኳሉ። ዋጋቸው ርካሽ ነው። ፈቃዱ የት አለ ስትሏቸው «አያስፈልግም» ይላሉ። ቅጣቱ ሲመጣ ግን የሚፈለገው የቤቱ ባለቤት ነው። የኢንሹራንስ ወረቀታቸውን ጠይቁ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ ይላክላችሁ እንጂ ፎቶ ኮፒ አትቀበሉ። አይ ኤስ ኤ (ISA) የሚባለው ዓለም አቀፍ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር ያረጋገጠው ሰው እንዳላቸው እዩ። ሕያው ዛፍ ላይ ባለ ሹል ብረት ጫማ ለብሶ ሊወጣ የሚል ካለ አሰናብቱት፤ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖሩ

ድንበሩን ስትሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። ሜሪላንድ ከ1914 ጀምሮ የመንገድ ዳር ዛፍ ሕግ አላት። በሕዝብ መንገድ መሬት ላይ ያለን ዛፍ ለመትከልም፣ ለመመልመልም፣ ለመቁረጥም ከግዛቱ የደን አገልግሎት ፈቃድ ይወጣል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲም የራሱ ሕግ አለው። የምትደውሉት ወደ ኤምሲ 311 ነው። የዲሲውን 44 ኢንች እዚያ አትጥቀሱ።

ወዳጄስ? ዛፉ ሴት ጊንኮ ነው። ጊንኮ የመኪና ጭስም ጠባብ አፈርም ስለሚችል ነው በየመንገዱ የተተከለው። ሴቷ ፍሬ ታፈራለች፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ቡቲሪክ አሲድ በገለማ ቅቤ ውስጥ ያለው ራሱ ነው፣ ስለዚህ አፍንጫው አልተሳሳተም። ከተማው በየጸደዩ ሴቶቹን ፍሬ እንዳይዙ መድኃኒት ይረጫል። 311 ደውሎ አድራሻውን አስመዘገበ፣ ቁጥሩንም ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። በሚቀጥለው ኦክቶበር ፍሬው ጨርሶ አልጠፋም። ግን በመጥረጊያና በአንድ ከረጢት አለቀ።